ባጃጁ ሲበላሽ ቤቱ አብሮ እንዳይበላሽ

«ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች» ይባላል። ይህ አነጋገር ከጋራዥ ተጠግኖ ለተመለሰ ተሽከርካሪ የተነገረ ይመስላል። ጥቂት ድምፅ ስላሰማ ለጥገና የገባ ባጃጅ ድምፁ ጠፍቶለት ይወጣና በሦስተኛው ቀን ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ፍሬኑ እንዲስተካከል የተሰጠውም ፍሬኑ ከመጠን በላይ ጠብቆ የኋላ እግሩ እንደ ምጣድ እየጋለ ይመለሳል። ባለንብረቱ ተመልሶ ሲጠይቅ «ይህ ሌላ ብልሽት ነው፤ እኛ የሠራነው ሰላም ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሥራው ቆሟል፣ ኃላፊነቱን የሚቀበል ግን የለም።

ይህ የመካኒክ ጉዳይ በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ውስጥ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ብልሽቱ በጋራዥ ቢጀመርም የሚያርፈው ቤት ውስጥ ነው። ባልና ሚስት የሚነጋገሩት፣ ልጆች የትምህርት ቤት ወጪ የሚያጡት፣ ብድር የሚከፈልበት ቀን የሚያልፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ስለሚያስተዳድረው ቤተሰብም ነው።

በራያ ቆቆላ ባጃጅ ማለት

ቆቦ ከአዲስ አበባ 570፣ ከወልድያ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል፣ በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች ከበዋት በመሐል የተዘረጋው ሜዳ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ በሚወጣ ውኃ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ይህን ምርት ወደ ገበያ፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤት ከሚያመላልሱት መካከል ዛሬ ዋነኛው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው።

ባጃጅ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም። የባልየው በሬ ተሽጦበታል፤ የሚስቲቱ የእቁብ ዕጣ ገብቶበታል፤ ከጠላና ከሽንኩርት ንግድ የተጠራቀመ ሳንቲም ታክሎበታል። የጎደለው ደግሞ ቀድሞ አብቁተ ይባል ከነበረው ከዛሬው ጸደይ ባንክ ወይም ከሌላ አበዳሪ በብድር ተሞልቶበታል። ባጃጁ የሚታለብ ላም ነው ማለት ነው። ላሟ ስትታመም የሚጨነቀው እረኛው ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ባጃጁ ሲቆምም የሚጨነቀው ሹፌሩ ብቻ አይደለም።

የቆላው አየር ለዚህ ትንሽ ሞተር ምቹ አይደለም። በአገራችን በብዛት የሚታየው የባጃጅ ሞተር አንድ ፒስተን ብቻ ያለው፣ 200 ሲሲ ገደማ የሆነ ነው። ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩ ራሱ ሲግል ሞተሩም ቶሎ ይግላል። የጎሊናና የሆርማት ወንዞች በክረምት ደራሽ ጎርፍ ያወርዳሉ፤ በበጋ ደግሞ አሸዋቸውና አቧራቸው የአየር ፊልትሮውን ይዘጋል። በዚህ ላይ ከሕጋዊው ሦስት መንገደኛ በላይ እየተጫነ ሲሠራ ከጋራዥ አይርቅም። ጋራዥ በበዛ ቁጥር ደግሞ ጥገናው ራሱ አዲስ ብልሽት የሚያመጣበት አጋጣሚ ይጨምራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱም በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ጠግኖ የመኖርን ነገር ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል።

ጠቡ ወደ ቤት የሚገባበት በር

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ በምሳሌ እንመልከት። ባልየው ባጃጁን ለጥገና ይወስዳል። ምን እንደሚሠራ የተጻፈ ነገር የለም። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ይባላል፤ እሺ ብሎ ይከፍላል። በሳምንቱ ሌላ ብልሽት ሲመጣ ጋራዡ «ሹፌሩ አበላሽቶት ነው» ይላል። ሹፌሩ ደግሞ የሚስቲቱ የእህት ልጅ ነው። ባል የሹፌሩን አነዳድ ይወቅሳል። ሚስት «ርካሽ ፈልገህ እዚያ ያስገባኸው አንተ ነህ» ትላለች። ልጁ አኩርፎ ይወጣል። በመጨረሻ በቤተሰቡ ውስጥ ሦስት ሰው ተጣልቷል፤ ጋራዡን ግን በወጉ የጠየቀው ማንም የለም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የሰዎቹ ጠባይ መጥፎ መሆኑ አይደለም። ማስረጃ አለመኖሩ ነው። ማን ምን እንደሠራ፣ መቼ እንደሠራ፣ ስንት እንደተከፈለ የሚናገር ወረቀት በሌለበት ቦታ ጥፋቱ አቅራቢያ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል። አቅራቢያ ያለው ደግሞ የትዳር ጓደኛ ነው። ወረቀት ሲኖር ጥያቄው ወደሚመለከተው ሰው ይሄዳል። ለቤት ሰላም ሲባል ወረቀት መያዝ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ብልሽት ከጥገና በኋላ ለምን ይመጣል?

ለመካኒኩም ፍትሕ እናድርግ። ከጥገና በኋላ የታየ ብልሽት ሁሉ የጥገናው ጥፋት አይደለም። በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል።

አንደኛው በሥራው የመጣ ነው። የዘይት መፍሰሻው ቡሎን ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላና ዘይት ያፈሳል። አሮጌው ጋርኒሲዮን ሳይለወጥ ሲመለስ ያንጠባጥባል። የአየር ፊልትሮው በሚገባ ሳይገጠም ሲቀር አቧራ ወደ ሞተሩ ገብቶ ፋሻውን ይበላል። የቫልቭ ክፍተት ሲጠብ ሞተሩ ይግላል፤ ኃይልም ያጣል። የፍሬን ሸራ ከመጠን በላይ ቀርቦ ሲታሰር እግሩ ይግላል፤ ነዳጅም ይበላል።

ሁለተኛው በመለዋወጫው ምክንያት የመጣ ነው። «ኦሪጅናል» ተብሎ የተገጠመው ዕቃ ገበያችን «ታይዋን» ብሎ የሚጠራው አስመሳይ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። ወይም ያገለገለ ዕቃ ታጥቦ አዲስ መስሏል።

ሦስተኛው አስቀድሞ የነበረ፣ ግን ያልታየ ነው። ሞተሩ ኃይል ሲያገኝ ቀድሞውኑ ያረጀው ፍሪሲዮን መንሸራተት ይጀምራል። ይህን መካኒኩ አላበላሸውም፤ ቢሆንም ሞተሩን በፈታ ጊዜ አይቶት ከነበረ ሊነግር ይገባው ነበር።

ሦስቱን ለመለየት የመካኒክ ትምህርት አያስፈልግም። እንጀራ ዓይን አላወጣ ሲል የቤት እመቤት ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አትለውጥም። ሊጡን ታያለች፤ አብሲቱን ታያለች፤ ምጣዱንና እሳቱን ታያለች። ትናንት ደህና ከነበረ ከትናንት ወዲህ የተለወጠው ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። የተሽከርካሪውም ጥያቄ ይኸው ነው። ከጥገናው በፊት ያልነበረው ምን ነው? መቼ ታየ? የታየው በተፈታው ቦታ ነው ወይስ ባልተነካው? ዘይት የሚያንጠባጥበው ትናንት ከተፈታው ቡሎን ሥር ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ጋራዡ ፍሬን ብቻ ነክቶ የፊት መብራት ከጠፋ ግን ከመውቀስ በፊት መመርመር ይሻላል።

ከመስጠታችሁ በፊት

እህቶች፣ ተሽከርካሪው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች ኋላ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራሉ።

ለቤቱ አንድ ደብተር ይኑረው። ባጃጁ የገባበት ቀን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ የተነገረው ሕመም፣ የተስማሙበት ዋጋና የሚወጣበት ቀን ይጻፍበት። ባልየው ቢወስደውም ሚስት ትጻፍ፤ መጻፍ የማትችል ልጇን ታስጽፍ። በእጅ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍም ይጠቅማል። ሲገባ ቆጣሪውን፣ ከሥሩ ያለውን ቦታና ጎማዎቹን ፎቶ ማንሣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መካኒኩ የሚሠራውን በወረቀት ላይ እንዲያሰፍርና እንዲፈርም ጠይቁ። «ይታያል» የሚባል ዋጋ አትቀበሉ። ከተስማማችሁበት ሌላ ሥራ ካስፈለገ ሳይሠራ በፊት እንዲደውል ንገሩት። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሮጌው ዕቃ በእጃችሁ ካለ አዲስ ዕቃ መገጠሙን ለማመሳከር ይረዳል።

ደረሰኝ አትተዉ። ያለ ደረሰኝ የሚደረገው ቅናሽ ትርፍ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የመጠየቅ መብታችሁን መሸጥ ነው። ለጥቂት ብር ቅናሽ ተብሎ የሺዎች ብር ክርክር ባዶ እጅ ይቀራል።

ባጃጁን ስትረከቡ ደግሞ ሹፌሩ መካኒኩን አሳፍሮ ይንዳው። ሞተሩ እስኪሞቅ ይሂድ፤ ይቁም፤ ፍሬን ይያዝ፤ ዳገት ይውጣ። ከዚያ በኋላ በንጹሕ ካርቶን ላይ ለሩብ ሰዓት ይቁም። የሚያንጠባጥብ ካለ ካርቶኑ ይናገራል። ገንዘቡ የሚከፈለው ከዚህ በኋላ ነው።

አዲስ ከሆነና ሻጩ የሰጠው ዋስትና ካለ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በዋስትና ጊዜ ውስጥ ሌላ ጋራዥ ከፈታው ሻጩ «ዋስትናው ፈርሷል» ሊል ይችላል። የቆቦ ቤተሰብ ችግርም እዚህ ላይ ነው፤ የሻጩ ጋራዥ የሚገኘው በሩቅ ከተማ ከሆነ ባጃጁን በጭነት መኪና ጭኖ መውሰድ ራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት «የዋስትና ጥገና የሚሰጠው የት ነው? የማጓጓዣውን ማን ይችላል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ከዋጋ ክርክሩ ያላነሰ ነገር ነው።

ብልሽቱ ከመጣ በኋላ

አዲሱ ብልሽት የፍሬን፣ የመሪ ወይም የነዳጅ መፍሰስ ከሆነ ባጃጁ ወዲያውኑ ይቁም። የዚያ ቀን ገቢ ይቅር። ከኋላ የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር፣ ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሦስት ሕፃናት ሕይወት በብር አይለካም። «ጋራዡ ነው ያበላሸው» ማለት ከአደጋ በኋላ ሹፌሩንና ባለንብረቱን ነጻ አያወጣም፤ ጉድለቱን እያወቁ መንዳት የራስ ጥፋት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት ተናዶ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዶ ማስፈታት ነው። ሁለተኛው መካኒክ ከፈታው በኋላ የመጀመሪያው «እኔ እንደዚህ አላደረግሁም፤ እሱ ነው» ይላል፤ ማን እንደነካውም ማወቅ ያስቸግራል። ሌላ ባለሙያ ማሳየት መልካም ነው፤ ነገር ግን አይቶ ያየውን ይጻፍ እንጂ ቡሎን አይንካ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ በሰላም ሂዱ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ብትሄዱ ይመረጣል። ስድብና ጩኸት አያስፈልግም። ብዙ መካኒክ ስሙን ስለሚፈልግ በመልካም ቃልና በማስረጃ ሲጠየቅ ያርማል።

እምቢ ካለ ግን ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለ... ጋራዥ። ሰሌዳ ቁጥሩ ... የሆነው ባጃጃችን በ... ቀን ... ኪሎ ሜትር ላይ እያለ የቫልቭ ማስተካከል ሥራ ተሠርቶለት ... ብር ከፍለናል፤ የደረሰኙ ቁጥር ... ነው። ከ... ቀን ጀምሮ በተፈታው ቦታ ዘይት ያፈሳል። እስከ ... ቀን ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲታረም፣ ካልሆነም የከፈልነው እንዲመለስ እንጠይቃለን።»

ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱን ጋራዡ ይቀበል፤ በሌላው ላይ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ባለበት ይሰጠው፤ የምስክሮቹ ስም በእናንተ ቅጂ ላይ ይጻፍ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮት የመስተናገድ፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል፤ ጉድለት ያለበት አገልግሎትም ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጥ ወይም ክፍያው እንዲመለስ ይጠየቃል። እንግዲህ 15 ቀን ረጅም አይደለም። ባል ዛሬ ነገ ሲል፣ ጋራዡም «ሰኞ ና፤ ሐሙስ ና» ሲል ያልቃል። ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በደብተሩ ላይ ቁጠሩ።

አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። አዋጁ ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ባጃጁ መንገደኛ እያመላለሰ የሚሠራ ከሆነ ጋራዡ «አንተ ነጋዴ እንጂ ሸማች አይደለህም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይህ ቢባል እንኳ በር አይዘጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁሉም ነው። በዚህ ሕግ አንዱ ተዋዋይ ግዴታውን በሚገባ ካልፈጸመ ሌላው ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲፈርስለት፣ ለደረሰበትም ጉዳት ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። ሕጉ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይፈልጋልና ከላይ ያየነው ደብዳቤ ለዚህም ያገለግላል። ባጃጁ የቆመባቸው ቀናት ገቢም የሚጠየቀው የዕለት ገቢው በደብተር ተጽፎ ከተገኘ ነው።

አቤቱታ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለወረዳው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ነው። በፌዴራል ደረጃ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ባለሥልጣን ሥልጣኑ በ2014 ዓ.ም. ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

«ባልሽን ጥሪ» ሲባል

ብዙ ሴቶች ጋራዥ ደርሰው «ባልሽን ጥሪ» ተብለው ይመለሳሉ። ሊብሬው በባልየው ስም ከሆነ ደግሞ ራሳቸውም መብት የሌላቸው ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የዚያ ሰው የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። ባጃጁ የሁለቱ ከሆነ ስለ ባጃጁ የመጠየቅ ጉዳይም የሁለቱ ነው። ጋራዡ ለጥገናው ገንዘብ ሲቀበል የማን እቁብ እንደሆነ አልጠየቀም፤ ስለ ጉድለቱ ሲጠየቅም ጠያቂዋ ሴት ናት ብሎ ሊያሳልፋት አይገባም።

ባሎችም እዚህ ላይ ድርሻ አላችሁ። ስንት እንደተከፈለ፣ ከማን ጋር እንደተስማማችሁ ለሚስቶቻችሁ አትደብቁ። የጥገና ወጪን መደበቅ ብልሽቱ ሲመጣ ብቻችሁን እንድትቆሙ ያደርጋችኋል። ሹፌር የሆነውን ዘመድም ማስረጃ ሳይኖር አትክሰሱ፤ ያየውንና የሰማውን ድምፅ በዕለቱ እንዲናገር ካደረጋችሁት ዋነኛ ምስክራችሁ እሱ ነው።

በራያ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ፤ ተቀያይሞ የኖረውን ቤተ ዘመድ ያስታርቃሉ። ደም የሚያደርቅ አገር የጋራዥ ክርክር አያቅተውም። ጋራዡም ባለንብረቱም የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ነገም ይገናኛሉ። ስለዚህ ሽምግልና ከክስ በፊት ቢሞከር መልካም ነው። ሆኖም ደብዳቤው አስቀድሞ ይሰጥ፤ ሽምግልናው ሲጓተት ቀኑ እንዳያልፍ። ስምምነት ላይ ከተደረሰም በሽማግሌዎች ፊት ተጽፎ ይፈረም። «ይታረማል» ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደሚታረም፣ እስከ መቼ እንደሆነና መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ ይገለጽ።

መጋቢት 6 ቀን በየዓመቱ የዓለም የሸማቾች መብት ቀን ሆኖ ይታሰባል። ዕለቱ የተመረጠው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ስለ ሸማቾች መብት ለአገራቸው ምክር ቤት መልእክት ያስተላለፉበት ቀን በመሆኑ ነው። በአዳራሽ የሚነገረው መብት ቆቦ ላይ ሥራ የሚሠራው ግን በአንዲት ደብተርና በአንድ ደረሰኝ ነው።

እንግዲህ እህቶች፣ የእቁብ ዕጣችሁን ለባጃጅ ስትሰጡ ደብተሩንም አብራችሁ ያዙ። ደረሰኙ፣ የዋስትናው ወረቀት፣ የደብዳቤው ቅጂና የብድሩ ውል በአንድ ቦታ ይቀመጡ። የተጠገነው እንደገና ሲበላሽ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ቆመው አይካሰሱ፤ ጎን ለጎን ቆመው ይጠይቁ። ብረት ቢሰበር ይበየዳል፤ የተሰበረ ትዳር ግን በየትኛውም ጋራዥ አይጠገንም።